ብሬሱ ሲወልቅ፦ ትራምፔትና ሆርን ለሚነፋ ሰው የምርጫ መመሪያ

ብሬሴ፣ ማለትም ጥርሴን ለማስተካከል የታሰረልኝ ሽቦ፣ የወለቀው ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ሰርግ ነበረን። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ያንን ቀን ስቆጥር ስለኖርኩ፣ ሽቦው ሲወጣ ሁሉም ነገር የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ ትራምፔቴን አነሳሁና ነፋሁ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደግሜ ነፋሁ። ድምፅ መጣ፤ ግን የኔ ድምፅ አይደለም። ስስ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ከንፈሬ ጥርሴ ላይ ይንሸራተታል። ትንሽ ከፍ ስል ድምፁ ጭራሽ ይጠፋል።

ቅዳሜን ያለፍኩት በጉልበት ነው። ከፍ ያለ ኖታ በመጣ ቁጥር ማውዝፒሱን (ከንፈር የሚያርፍበትን የመሣሪያውን አፍ) ጥርሴ ላይ እየተጫንኩ አመሸሁ። እሁድ ጠዋት ከንፈሬ አብጦ ተነሳሁ። የፊት ጥርሶቼ ዳቦ መግመጥ እስኪያቅተኝ ድረስ አመሙኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ በቅጡ መንፋት አልቻልኩም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ተራዋ ደረሰ። እሷ በትምህርት ቤቷ ባንድ ውስጥ ፍሬንች ሆርን ትነፋለች። በስልክ የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። የሚወልቅበትን ቀን፣ ልምምዱን፣ ሪቴይነሩን (ብሬስ ከወለቀ በኋላ ጥርስ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ የሚደረገውን መያዣ) አንድ በአንድ አብረን አሰብንበት። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ነገሩን በደንብ ታውቁታላችሁ። እዚያ ልጆች ባንድ የሚገቡትና ብሬስ የሚያስሩት በአንድ ዕድሜ ላይ ነው። ለሁለቱም ገንዘብ ከፍላችኋል፤ አንዱ ሌላውን እንዲያበላሽ አትፈልጉም።

ከምርጫዎቹ በፊት ግን አፍ ውስጥ ምን እንደተለወጠ እንይ። ይህ ካልገባን ምርጫው ሁሉ ግምት ይሆናል።

አፉ አዲስ ነው

ብሬስ ሲታሰር በእያንዳንዱ የፊት ጥርስ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይለጠፋል። ከንፈር ወደ ፊት ይገፋል። ስንነፋ የከንፈራችን ውስጠኛ ክፍል የሚያርፈው ጥርስ ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ነው። የአፍ ጥግና የአገጭ ጡንቻዎች በወራት ውስጥ ይህንን ይለምዱታል። አንድ ቀን ብረቱ ይነሳል። ከንፈር ወደ ኋላ ይመለሳል። በከንፈሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ መጠኑም ቅርጹም ይለወጣል። ጡንቻዎቹ ግን አሁንም ብረት ያለ እየመሰላቸው ይሠራሉ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ትንፋሽ ብቻ የሚወጣው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ከብሬስ በፊት እነፋ ወደነበረው እመለሳለሁ» ይላል። የሚመለሱበት ቦታ የለም። ጥርሶቹ ቦታ ቀይረዋል። ድሮ ማውዝፒሱ ተደግፎባት የነበረችው ወጣ ያለች ጥርስ አሁን ተሰልፋለች።

የጥርስ መለወጥ ለነፊ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማወቅ የቼት ቤከርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። አሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች በ1966 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ተደብድቦ ጥርሶቹ ተጎዱ። በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቶ አነፋፉን እንደገና ተማረ። ወደ መድረክ በወጉ የተመለሰው በ1970ዎቹ ነው። የኛ ለውጥ ከሱ ጋር አይወዳደርም። መንገዱ ግን ተመሳሳይ ነው፦ አዲስ አፍ ይዞ እንደ አዲስ መማር።

ሌላም ነገር አለ። ጥርሶቹ ገና አልጸኑም። ጥርስን ከአጥንት ጋር የያዙት ቀጫጭን ክሮች ራሳቸውን መልሰው እስኪያስተካክሉ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። የድድ ውስጥ ክሮች ከዚያም በላይ ይቆያሉ፤ አንዳንዶቹ ዓመት ያልፋቸዋል። ሪቴይነር የሚታዘዘው ለዚህ ነው። እኔ ያንን ቅዳሜ ማታ የተጫንኩት ገና ያልጸና ጥርስ ላይ ነበር።

ቀኑን መምረጥ ይቻላል

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ብሬሱ የሚወልቅበትን ቀን በጥቂት ሳምንታት ወዲያ ወዲህ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት አማራጭ ነው ያላችሁ፦ ቶሎ ተገላግሎ ዝግጅቱን በአዲስ አፍ መጋፈጥ፣ ወይም በለመዱት ብሬስ ዝግጅቱን ጨርሶ ከዚያ ማውለቅ። ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን ምረጡ። ከብሬስ ጋር መንፋት ባይመችም የለመዳችሁት ነገር ነው።

የእህቴ ልጅ የግንቦቱን የትምህርት ቤት ኮንሰርት በብሬስ ነፋች። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ አወለቀች። ባንዱ እስኪሰበሰብ ክረምቱ ሙሉ የሷ ነበር። አዲስ አበባ በሰርግ ሥራ ለምንኖር ደግሞ የተመቸ ጊዜ አለን፤ ሁዳዴ። ሰርግ በሌለበት 55 ቀን ውስጥ አፍ ብዙ ነገር ይለምዳል። ዛሬ ቢሆን ኖሮ በቅበላው ማግስት ነበር የማወልቀው።

ማረፍ፣ ቀስ ብሎ መጀመር፣ ወይስ እንደድሮው መቀጠል?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው።

እንደድሮው መቀጠል የሚያጓጓው ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ሕመም ስለሌለ ነው። ከንፈርን የሚቧጭር ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ይነፋል። ድምፁ እምቢ ሲል በግፊት ያስገድደዋል። ግፊት ለጊዜው ይሠራል፤ ጉዳዩም ይህ ነው። ከንፈር ማውዝፒሱና ጥርሱ መካከል ይጨፈለቃል፣ ደም በደንብ አይዘዋወርበትም፣ ጡንቻውም ሥራውን ለግፊቱ ይተዋል። የትራምፔቱ ጌታ ፍሬዲ ሃባርድ እንኳ በ1992 እ.ኤ.አ. የላይኛው ከንፈሩ ተቀድዶ ቁስሉ አመርቅዞበታል። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ጉልበቱ አልተመለሰም። እሱ ብሬስ አልነበረውም፤ ግን ከንፈር ሲገደድ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ይህን መንገድ ለማንም አልመክርም።

ሙሉ በሙሉ ማረፍ የጥንቃቄ ይመስላል። አንዳንድ ወላጅ «አንድ ወር አትንካው» ይላል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ልጁ እንዳይጎዳ ነው። ነገር ግን በወር ውስጥ የከንፈር ጡንቻ ይደክማል። ልጁ ሲመለስ ሁለት ችግር ይጠብቀዋል፤ አዲስ አፍና የደከመ ጡንቻ። የትኛው ምን እንዳመጣበት አይለይም። ረጅም ዕረፍት ትክክል የሚሆነው ድዱ የሚደማ ከሆነ፣ ጥርሱ በጣት ሲነካ በግልጽ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ወይም ሐኪሙ ካዘዘ ነው።

እኔ የምደግፈው መሃሉን ነው። ሁለት ሦስት ቀን እረፉ። ብሬሱ የተለጠፈበት ሙጫ ተፍቆ ጥርሱ ሲወለወል ድዱ ትንሽ ይቆጣል፤ ይብረድለት። ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ጀምሩ። አሥር ደቂቃ ከነፋችሁ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ማረፍ አለባችሁ። የምትነፉት ረጅም፣ ለስላሳ፣ መሃል ላይ ያለ ድምፅ ነው። ለትራምፔት ከታችኛው ዶ እስከ ሁለተኛው መስመር ሶል ያለው ይበቃል። አንድ ድምፅ ይዛችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል እንዲሆን አድርጉ። በሁለተኛው ሳምንት ቫልቭ ሳትጫኑ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ዶ በከንፈር ብቻ ተንሸራተቱ። ላይኛውን ድምፅ ለሦስተኛው ሳምንት ተዉት። ቢያምራችሁም ተዉት።

እየተጫናችሁ መሆኑን ለማወቅ ለትራምፔት ነፊ የምትሆን አንዲት ዘዴ አለች። የቀኝ እጃችሁን ትንሿን ጣት ከመንጠቆው አውጡና ነፉ። መሣሪያውን ወደ አፋችን የምንስበው በአብዛኛው በሷ ነው። ጣቷ ስትወጣ ድምፁ ከጠፋ፣ ይዞት የነበረው ከንፈራችሁ ሳይሆን ክንዳችሁ ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህንን ስትከተል የመጀመሪያው ሳምንት አስለቀሳት። ደውላ «አጎቴ፣ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው የምመስለው» አለችኝ። በአራተኛው ሳምንት ግን ድምፅዋ ከብሬስ ጊዜው የሞላ ነበር። የላይኛው ድምፅ ለመመለስ ክረምቱን ሙሉ ወስዶባታል። የሁሉም ሰው ጊዜ አንድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መጀመሪያ የድምፁ ጥራት፣ ቀጥሎ ጽናቱ፣ መጨረሻ ላይ ከፍታው ይመጣል።

የትኛው ሪቴይነር?

ስለ ሪቴይነር ለነፊዎች የሚነግር ሰው አላገኘሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሦስት ዓይነት ነው በብዛት የሚሰጠው።

አንደኛው ጥርሱን እንደ ጓንት የሚያለብሰው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ቀጭን ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ። ሲታይ አያስታውቅም። ከሱ ጋር መንፋት ይቻላል? ይቻላል፣ ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ደስ ይላል፤ ጥርሱን ትንሽ ስለሚያወፍረው ከብሬሱ ጋር የነበረውን ስሜት ያስታውሳል። ግን ምራቅ ከሥሩ ይጠራቀማል፣ ከንፈር ያዳልጠዋል፣ ማውዝፒስ በተደጋጋሚ ሲጫነው ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ ከነፕላስቲኩ የለመዳችሁት አነፋፍ ያለፕላስቲኩ አይሠራም። አንድ ቀን መተዉ አይቀርም። ገና ከመጀመሪያው በራቁት ጥርስ መልመድ ይሻላል።

ሁለተኛው ላንቃ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ፕላስቲክ ሆኖ ከፊት ለፊት ሽቦ ያለው ነው። ጠንካራ ነው፣ ሽቦው ይስተካከላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ለነፊ ግን በአፍ ውስጥ ሆኖ የማይመች ይሄ ነው። የፊቱ ሽቦ ከንፈር ሥር እንደገና ብረት ያስቀምጣል፤ ከብሬስ የተገላገልንበትን ነገር መልሶ ያመጣዋል። ላንቃው ሲሸፈን ደግሞ የአፍ ውስጥ ክፍተት ይጠባል፣ ምላስም ይደናገራል። ይህ ከተሰጣችሁ ስትነፉ አውጡት።

ሦስተኛው ከጥርስ ጀርባ በሙጫ የሚጣበቅ ቀጭን ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ ታች፣ ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ይሠራል። ከንፈር ጨርሶ አይነካውም። አይረሳም፣ አይጠፋም፣ ልጁን «አደረግከው ወይ?» እያሉ መጨቅጨቅ የለም። ችግሩ ጽዳቱ ነው፤ የጥርስ ማጽጃውን ክር ከሽቦው ሥር አሳልፎ ማጽዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአንድ ጥርስ ላይ ሙጫው ሲለቅ ደግሞ ሳይታወቅ ጥርሱ መንቀሳቀስ ሊጀምር ይችላል። ላይኛው ጥርስ ጀርባ ሲሆን ለኛ ሌላ ጣጣ አለው። ስንነፋ ምላሳችን «ቱ» ብሎ የሚመታው እዚያው አካባቢ ነው። ፈጣን ኖታ ላይ ምላስ ሽቦውን ያገኘዋል። ይለመዳል፤ ግን ሳምንታት ይወስዳል።

እኔ ያለኝ ታች የተጣበቀ ሽቦ፣ ላይ ደግሞ የሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። ሐኪሙ የናንተን ጥርስ አይቶ ይህን ከፈቀደ፣ ለናስ መሣሪያ ነፊ ከዚህ የተሻለ ጥምረት አላየሁም። ላይኛውን አወልቄ እነፋለሁ፣ አፌን ተጉመጥምጬ መልሼ አደርገዋለሁ።

ሰዓቱን ግን ተጠንቀቁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪቴይነር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከምግብ በቀር ቀኑን ሙሉ እንዲደረግ ነው። ምግብ፣ የሁለት ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ የጓደኛ ወሬ ሲደመር ሳይታወቅ ግማሽ ቀን ይሆናል። ማታ ስታደርጉት የሚያጨንቅ ከሆነ ጥርሱ መንቀሳቀስ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የልምምዱን ሰዓት ቀንሱ እንጂ የሪቴይነሩን አይደለም። ልምምድ ነገም አለ።

ስታወልቁት ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን በሶፍት ጠቅልላ የትምህርት ቤቱ ምሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትታው ሄደች። ከቆሻሻ ጋር ተጣለ፣ እናቷ ሌላ ከፈለች። በሙቅ ውኃ አትጠቡት፣ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ይጣመማል።

ማውዝፒሱን ልቀይር?

ድምፅ እምቢ ሲል እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ማውዝፒስ ላይ ነው። እኔም ከውጭ በሰው አዲስ አስመጥቼ ነበር። ገንዘቤን ነው ያባከንኩት። ያስቸገረኝ ማውዝፒሱ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚለዋወጠው ከንፈሬ ነበር። በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ስትጨምሩ መለኪያ ታጣላችሁ።

ስለዚህ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በያዛችሁት ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ማወዳደር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የተማሪ ትራምፔት ባክ ከሚባለው ኩባንያ 7ሲ ማውዝፒስ ጋር ይመጣል። የውስጥ ስፋቱ በኩባንያው ዝርዝር 16.20 ሚሊሜትር ነው። 5ሲ 16.25፣ 3ሲ ደግሞ 16.30 ነው። ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፤ የጠርዙ ቅርጽ ግን ይለያያልና ከንፈር ያውቀዋል። ጥርሱ ከተስተካከለ በኋላ አንዳንድ ሰው ትንሽ ሰፋ ያለው ይመቸዋል። 1½ሲ 17 ሚሊሜትር ነው፤ ከ7ሲ በቀጥታ ወደሱ መዝለል ለደከመ ከንፈር ከባድ ነው። በብሬስ ጊዜ ጠርዙ ለስላሳና ወፍራም ወደሆነ ቀይራችሁ ከነበረ ደግሞ ወደ ድሮው ለመመለስ አትቸኩሉ።

ከንፈር ላይ የት ይቀመጥ?

በብሬስ ጊዜ ብዙዎቻችን የሚወጋንን ቁራጭ ለመሸሽ ማውዝፒሱን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ወስደነዋል። አሁን ወደ ድሮው ቦታ ይመለስ? ወይስ እዚያው ይቆይ? የኔ መልስ ሁለቱንም አታስገድዱ ነው። መስታወት ፊት ቁሙ። አይናችሁን ጨፍኑ፣ ከንፈራችሁን እንደ «ም» ግጠሙ፣ ማውዝፒሱን ብቻ አምጡና ትንፋሹን ልቀቁ። ከዚያ አይናችሁን ግለጡ። ይህን ለሳምንት በየጠዋቱ ብታደርጉ ከንፈሩ ራሱ ቦታውን ያሳያችኋል። ሆርን የሚነፉ በተለምዶ ሁለት ሦስተኛውን ላይኛው ከንፈር ላይ ያሳርፋሉ፤ ትራምፔት ላይ ወደ እኩሌታው ይጠጋል። ትክክል መሃል ላይ ካልሆነ ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ድምፁ ከጠራና ከንፈሩ ካልታመመ ቦታው እሱ ነው።

ትሮምቦንና ቱባ የምትነፉ ብዙውን ነገር በቀላሉ ታልፉታላችሁ። ማውዝፒሳችሁ ሰፊ ስለሆነ ክብደቱ ብዙ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። የሪቴይነሩ ጉዳይ ግን እናንተንም እኩል ይመለከታል።

ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ምልክት

የከንፈር ድካም የተለመደ ነው፤ በማግስቱ ይለቃል። ከንፈር ከደነዘዘና ስሜቱ ቶሎ ካልተመለሰ፣ አንድ ጥርስ ለብቻው ካመመ፣ የፊት ጥርስ ከነፋችሁ በኋላ ከተነቃነቀ፣ ወይም ሪቴይነሩ ትናንት እንደገባው ዛሬ ካልገባ አትጠብቁ። ደውሉ።

ሪቴይነሩ በሚለካበት ቀን ደግሞ ማውዝፒሳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። የእህቴ ልጅ ይዛ ሄዳ ነበር። ሐኪሟ አስነፋቻት፣ ምላሷ የት እንደሚያርፍ ጠየቀቻት፣ ከዚያ ላይኛው ጥርስ ላይ ሽቦ እንዳይደረግ ወሰነች። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።